የግል ሼፎች ኮንፈረንስ መሄድ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ሰው ቤት እየሄድኩ ምግብ የምሰራ ሼፍ ነኝ፣ የግል ሼፎች ኮንፈረንስ ላይ ከፍዬ ብገባ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ በጣም ይጠቅምሻል እህቴ፣ ግን ለቅምሻው ብለሽ አትሂጂ። ሬስቶራንት ውስጥ የሚሰራ ሼፍ አጠገቡ የሚጠይቀው ሰው አለው፣ አንቺ ግን ደንበኛ ኪችን ውስጥ ብቻሽን ነሽ፣ ስለዚህ ዋጋ አወጣጥ፣ ኮንትራትና ኢንሹራንስ ላይ የሚሰጡትን ወርክሾፖች ቀድመሽ ተመዝገቢ። የምግብ ደህንነቱንም እንዳትዘይው በናትሽ፣ አብስለሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠሽ የምትሄጂ ከሆነ ትልቁ ነገር ማቀዝቀዙ ነው፣ ከ57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 21 በ2 ሰዓት ውስጥ ከዛ ወደ 5 በቀጣዩ 4 ሰዓት መውረድ አለበት፣ ሾርባ በትልቅ ድስት እንዳለ ከተተወ ደሞ በዚህ ፍጥነት አይቀዘቅዝም፣ ዝርግ እቃ ላይ ከፋፍለሽ አቀዝቅዢው። በሻይ ሰዓት ስልክሽ ላይ አትቀመጪ፣ ስራው ላይ የቆዩትን አዲስ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ምን እንደሚጠይቁት ጠይቂያቸው፣ በተለይ ስለ አለርጂ።