የአያት ጠመንጃ በርሜል በምን ይለካ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአያቴ የወረስነው፣ ፈቃድ ያለው ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ አለን። 12 ቁጥር ነው ይሉታል፣ የበርሜሉን የውስጥ ስፋት ማለታቸው ነው። እኔ ጋራዥ ነው የምሠራው፣ የሞተር ሲሊንደር የምንለካበት ቦር ጌጅ ግን በርሜሉ ውስጥ አልገባ አለ። አፉን በካሊፐር ስለካው 17.6 ሚሊ ሜትር መጣ። 12 ቁጥር 18.5 አይደል እንዴ? የቱን መለኪያ ልግዛ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ካሊፐርህ አልተሳሳተም። የለካኸው ቦታ ነው ችግሩ። የብዙ አደን ጠመንጃ አፍ ሆን ተብሎ ጠበብ ይደረጋል፣ ከጥይቱ የሚወጡት ቅንጣቶች ቶሎ እንዳይበተኑ። ቾክ የሚባለው እሱ ነው፣ ሙሉ ቾክ ከሆነ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ያጠባል። ስለዚህ ከአፉ ተነስተህ ስለ ውስጡ ምንም ማለት አትችልም። እንግሊዞች የሚለኩት ጥይት ከሚጎርስበት በኩል 9 ኢንች፣ ማለትም 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ገብተው ነው።

እንግዲህ መለኪያ ስትመርጥ ዋናው ነገር ይኼ ነው። የጋራዥ ቦር ጌጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 160 ሚሊ ሜትር የሚለካው ነው፣ ላንተ አይሆንም። ከ18 እስከ 35 የሚለካ አለ፣ ለ12 ቁጥር እሱ ይበቃል። 16 ቁጥር ቢሆን ግን ውስጡ 16.8 ገደማ ስለሆነ ከ10 እስከ 18 የሚለካውን ትፈልግ ነበር። ሰው የሚሸወደው ዘንጉ ላይ ነው፤ ትንንሾቹ ቦር ጌጆች ዘንጋቸው አጭር ነው፣ ገዝተህ ቤት ስትገባ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀርብሃል። ሻጩን “ስንት ሴንቲ ሜትር ይገባል?” በለው። ከ23 በታች ካለህ ማስረዘሚያ ከሌለው ተወው።

ቦር ጌጅ በርሜሉን በሁለት ነጥብ የሚነካና በሦስት ነጥብ የሚነካ አለ። ባለ ሦስቱ ራሱን መሃል ላይ ያስቀምጣል፣ ለእጅ ይቀላል። ለአሮጌ በርሜል ግን እኔ ባለ ሁለቱን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም እያዞርክ ስትለካ በርሜሉ ሞላላ መሆኑን ያሳይሃል፣ ሦስቱ ነጥብ ይሄን ሊደብቅብህ ይችላል። አንተ ደግሞ አያያዙን ታውቀዋለህ። ዘንጉን ቀስ ብለህ ወዲያ ወዲህ ታወዛውዘዋለህ፣ መርፌው ይወርድና የሆነ ቦታ ላይ ተመልሶ መውጣት ይጀምራል፣ የተመለሰበትን ታነባለህ። 0.01 ሚሊ ሜትር የሚያነብ ይበቃል። ከመለካትህ በፊት በማይክሮሜትር ዜሮ አድርገው፣ የበርሜሉንም የዘመናት ቅባት በደንብ ጥረግ፣ እሱ ራሱ ቁጥር ያበላሻል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቦር ጌጅ ውስጡን ብቻ ነው የሚነግርህ፣ የብረቱን ውፍረት አይነግርህም። ዝገቱ ብዙ ጊዜ ተፍቆ የሳሳ በርሜል አለ። ውፍረት የሚለካበት ሌላ መሣሪያ ነው። እሱም ተለክቶ፣ የሚያውቅ ባለሙያ አይቶ ካልፈቀደ በቀር ጥይት እንዳታጎርሰው። በተለይ በርሜሉ ላይ እንደ ጥለት የተጠማዘዘ መስመር ካየህ፣ ብረትና አረብ ብረት አብሮ ተጠምጥሞ የተሠራ ነው፣ ለዛሬ ባሩድ አልተሠራም።

ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት በርሜሉን ከሰደፉ ፍታና ከሥር ያለውን ጠፍጣፋ ብረት ተመልከት። የድሮ የእንግሊዝ ከሆነ 12 ወይም 13 ከላይ፣ አንዳንዴም 1 ከሥሩ ተመትቶ ታገኛለህ። 12 ማለት 18.5 ነው፣ 13 ደግሞ 18.0 አካባቢ፣ 13 ከላይ 1 ከሥር ከሆነ 18.3 ገደማ። ሲሠራ የነበረው ልክ እሱ ነው። አንተ ከለካኸው ጋር አስተያየውና ሁለቱንም ቁጥር ጻፍልኝ።