ከፖስተሩ በፊት በሩ

ልጆቼ፣ ቱሪዝም ውስጥ ለመሥራት የምታስቡ ብዙ ናችሁ። የምትሠሯቸውን ቪዲዮዎች አያለሁ፤ ደስ ይሉኛል። እኔ አስጎብኚነት ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። መንግሥትና የግል ድርጅት አገር እናስተዋውቅ ብለው ሲጣመሩ፣ የእንግዳውን ጓዝ የሚጭነው ባለበቅሎ የት እንዳለ ጠይቁ።

ሰላም በሆነበት ጊዜ ጠዋት ደባርቅ፣ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ብትቆሙ ነገሩ ይገባችሁ ነበር። የመግቢያው ክፍያ እዚያ ይቆረጣል። ስካውቱ፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ ጠመንጃውን አንግቶ ይጠብቃል። አስጎብኚው ከማኅበሩ በተራው ይመጣል፤ ባለበቅሎውም እንደዚያው። እንግዳውን ከአዲስ አበባ ይዞ የመጣው የግል ድርጅት ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ጉዞው ይበላሻል።

አንድ ጊዜ ውጭ አገር የቱሪዝም ትርኢት ላይ ተካፈልን። የቦታውን ኪራይ አንድ መሥሪያ ቤት ቻለ፤ ድርጅቶቹ የትኬታችንን ቻልን። ፖስተሩ ላይ ዋልያ ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል። ሰው ጎረፈልን። በዓመቱ እንግዶቹ መጡ። የሰፈርንበት ካምፕ ውኃ የለውም፤ መጸዳጃ ቤቱም በር የለውም። በዕድሜ የገፉ አንዲት እንግዳ ነበሩ። ጋቢዬን በሩ ላይ ዘርግቼ፣ ፊቴን አዙሬ ቆምኩላቸው። ያን ቀን ያፈርኩት እፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ለፖስተሩ ገንዘብ አዋጥተናል። በሩን ማን ያሠራ የሚለውን ግን አንዳችንም አላነሳነውም።

ማስተዋወቅ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» ብለው አገራችንን ለዓለም አስተዋውቀዋል። የእሳቸውን እንጀራ ሁላችንም በልተናል።

የሰሜን ተራሮች ፓርክን ዩኔስኮ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ፤ ከዚያ ለመውጣት እስከ 2017 ፈጀበት። በማስታወቂያ ብዛት አልወጣም። ፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ገብተዋል። እኛ ያን ሜዳ ፎቶ አንስተን እንሸጣለን። ከገቢው ለእነሱ ምን ደረሳቸው? ይህን የማይጠይቅ አጋርነት ለእኔ አጋርነት አይደለም።

አሁን በጸጥታው ምክንያት እንግዳ ተመናምኗል። በቅሎ ግን እንግዳ ቢቀርም ገብስ ትፈልጋለች። ነገ ተራው የእናንተ ነው። ከመሥሪያ ቤት ጋር ስምምነት ስትፈርሙ፣ መጸዳጃውን ማን እንደሚሠራ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግን፣ ለባለበቅሎው በቀን ስንት እንደሚከፈል በጽሑፍ ይስፈር። ፖስተሩን ከዚያ በኋላ አሠሩ።