ዕጩው ስለ ዩኒቨርሲቲ ሲናገር ምን ብለን እንጠይቀው?

ከሰሜን ሸዋ የሚደርሱን የምርጫ ሰሞን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች ስለ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡትን ተስፋ ያነሳሉ። ተመሳሳዮቹን አጠቃለን አምስቱን እዚህ መልሰናል።

ጥያቄ፦ እህቴ ላስ ቬጋስ ነው የምትኖረው። በስልክ ስናወራ «ለዩኒቨርሲቲ ቦርድም ድምፅ ሰጥቻለሁ» አለችኝ። የዩኒቨርሲቲ ቦርድ በሕዝብ ይመረጣል እንዴ? ተወዳዳሪዎቹስ ምን ብለው ይቀሰቅሳሉ?
*የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን*

መልስ፦ እህትዎ ያሉት እውነት ነው። ላስ ቬጋስ ባለችበት በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት የዩኒቨርሲቲ ቦርድ አባላት በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ የሚያዘው እ.ኤ.አ. የ1864ቱ የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ነው። አባላቱ ሬጀንት ይባላሉ፤ 13 ናቸው። እያንዳንዱ ከራሱ የምርጫ ክልል ለ6 ዓመት ይመረጣል፤ በድምፅ መስጫው ላይ የፓርቲ ስም አይጻፍለትም። ይህ አንድ ቦርድ የሬኖንና የላስ ቬጋስን ዩኒቨርሲቲዎች፣ ኔቫዳ ስቴት የሚባለውን ዩኒቨርሲቲ፣ አራት ኮሌጆችንና አንድ የምርምር ተቋምን፣ በጠቅላላው 8 ተቋማትን ይመራል። የተቋማቱ ሁሉ የበላይ ሥራ መሪ የሆነውን ቻንስለር የሚቀጥረውም ቦርዱ ነው።

ተወዳዳሪዎቹ ከሚከራከሩባቸው ነገሮች የመጀመሪያው ክፍያ ነው። የግዛቱ ምክር ቤት የሚመድበው ገንዘብ ሲያንስ ጉድለቱ በተማሪው ክፍያ ይሞላ ወይስ የትምህርት ክፍሎች ይታጠፉ? ሁለተኛው የገንዘቡ አከፋፈል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ በጀቱ የሚከፋፈለው በዋናነት ተማሪዎች በሚወስዱት የትምህርት ሰዓት መጠን ነው። ሠራተኛ ተማሪ የሚበዛባቸው ኮሌጆች በዚህ ይጎዳሉ። ሥራ እየሠራ በሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ የሚወስድ ሰው በቀመሩ የሚያስገኘው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ የምዝገባው፣ የምክሩና የድጋፉ ወጪ ግን ከሙሉ ጊዜ ተማሪ እምብዛም አያንስም። ሦስተኛው ምርጫው ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020ም በ2024ም ቦርዱ ከሕገ መንግሥቱ ወጥቶ በተራ ሕግ እንዲተዳደር ሐሳብ ቀርቦ ሕዝቡ ሁለቱንም ጊዜ ውድቅ አድርጎታል፤ የመጀመሪያውን በጠባብ ልዩነት። ደጋፊዎቹ «ገንዘቡን የሚሰጠው ምክር ቤት ቦርዱን መቆጣጠር አለበት» ሲሉ ተቃዋሚዎቹ «የሕዝብ ድምፅ አይነጠቅ» ብለው ተከራክረዋል።

ጎረቤቷ ካሊፎርኒያ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው የመረጠችው። ከ26ቱ ሬጀንቶች 18ቱን አገረ ገዥው ለ12 ዓመት ይሾማል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል። ሁለቱም መንገድ ጣጣ አለው። የተመራጩን ስም መራጩ ብዙ ጊዜ አያውቀውም፤ ተሿሚው ደግሞ ፊቱን ወደ ሿሚው ያዞራል። ከኔቫዳ እኛን ይበልጥ ሊያስቀናን የሚገባው ከምርጫው ይልቅ የስብሰባ ሕጓ ነው። የቦርዱ አጀንዳ ከስብሰባው 3 የሥራ ቀን በፊት ለሕዝብ ይለጠፋል፤ ማንኛውም ሰው ገብቶ ይሰማል፣ አስተያየትም ይሰጣል። ክፍያ ሊጨመር ሲል ተማሪው የሚሰማው ከውሳኔው በፊት ነው።

ጥያቄ፦ ለፓርላማ የሚወዳደሩ ሰዎች በየስብሰባው «ካምፓስ እናስከፍታለን» ይሉናል። ይችላሉ ወይ? ካልቻሉስ ምን ማድረግ ይችላሉ?
*የተማሪ ወላጅ፣ ከሸዋሮቢት*

መልስ፦ አንድ የምክር ቤት አባል ብቻውን አይችልም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚቋቋመው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው። ያለ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ካምፓስ ሲከፍት ደግሞ ጉዳዩ በዩኒቨርሲቲው ሴኔትና ቦርድ አልፎ በፌዴራል በጀት ውስጥ የካፒታል፣ ማለትም የግንባታ፣ መስመር ማግኘት አለበት። የክልል ምክር ቤት ተወዳዳሪ ይህን ተስፋ ከሰጠ ይባስ ብሎ ከሥልጣኑ ውጪ ነው የሚናገረው፤ ደብረ ብርሃንም ሆነ ፍቼ ያለው ሰላሌ የፌዴራል ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው።

የተማሪውንም ቁጥር ያስቡበት። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። ቀሪ መቀመጫው በሬሜዲያል (በማካካሻ ትምህርት) ተማሪ ነው ሲሞላ የቆየው። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዶርማቸውን የሠሩትና መምህራናቸውን የቀጠሩት ከዚህ እጅግ የበዛ አዲስ ገቢ ተማሪ ጠብቀው ነው። በዚህ ጊዜ ካምፓስ የሚያስገነባ ዕጩ ተማሪውን ከየት እንደሚያመጣው፣ ሕንጻው ካለቀ በኋላም የጥበቃውን፣ የካፌውን፣ የጄኔሬተሩን ነዳጅና የመምህሩን ደመወዝ ከየትኛው መደበኛ በጀት እንደሚከፍል መናገር አለበት። ካፒታል በጀት ሕንጻ ያቆማል እንጂ በሩን በየቀኑ አይከፍትም።

የፓርላማ አባል በእጁ ያለው ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም ቀላል አይደሉም። ሕግ ያወጣል። ሐምሌ 1 ለሚጀምረው የበጀት ዓመት ሰኔ ላይ በጀት ያጸድቃል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት የፌዴራል ዋና ኦዲተር የሚያቀርብለትን ሪፖርት ይዞ የተቋም ኃላፊዎችን በቋሚ ኮሚቴ ፊት ይጠይቃል። ስለዚህ ዕጩውን እንዲህ ይበሉት፦ «በየትኛው ቋሚ ኮሚቴ መሥራት ትፈልጋለህ? የእኛን ዩኒቨርሲቲ የኦዲት ግኝት አንብበሃል? ያልተስተካከለው የቱ ነው?» ያነበበና ያላነበበ ሰው በዚህ ይለያል።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲያችን ለፕሬዚዳንትነት ማስታወቂያ አውጥቶ ዕጩዎች ስትራቴጂክ ዕቅዳቸውን ሊያቀርቡልን ነው። ሁሉም ዕቅድ ያምራል፤ በምን እንለያቸው?
*የዩኒቨርሲቲ መምህር*

መልስ፦ መጀመሪያ ሹመቱ በማን እጅ እንዳለ ይታወቅ። በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 የሚተዳደሩ ዩኒቨርሲቲዎች ቦርዳቸው የሚሰየመው በትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ዕጩዎቹም በቦርዱ በኩል አልፈው ሚኒስቴሩ ዘንድ ይሾማሉ። መድረኩ ላይ የምትሰጡት አስተያየት አንድ ግብዓት ነው። ስለዚህ ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ፣ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ፕሬዚዳንቱ ከተሾመ በኋላ ቃሉን የምታስታውሱት በዚያ ነው።

የራዕይና የተልዕኮ ገጾችን እለፏቸው፤ በሁሉም ዕቅድ አንድ ዓይነት ናቸው። ጥንካሬና ድክመት የሚለው ሰንጠረዥም ብዙ አይነግራችሁም። በቀጥታ ገንዘቡ ጋ ሂዱ።

በጅምር ካሉ ሕንጻዎች ጀምሩ። ዕጩው የእያንዳንዱን የውል ዋጋ፣ የፊዚካል አፈጻጸሙን (ግንባታው ስንት በመቶ እንደደረሰ) እና የተከፈለውን መቶኛ ጎን ለጎን ያሳይ። ለምሳሌ ክፍያው 70 በመቶ ደርሶ ግንባታው 45 በመቶ ላይ ከቆመ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ምናልባት ቅድሚያ ክፍያው ለተሠራው ሥራ ከሚጸድቀው ከየክፍያ ሰርተፊኬቱ ላይ ሳይቀነስ ቀርቷል፤ ወይም ሳይት ላይ ላልደረሰ ዕቃ ተከፍሏል፤ ወይም ዲዛይኑ መሃል ላይ ተቀይሮ ተጨማሪ ሥራ ገብቷል። ምክንያቱ እንደየሕንጻው ስለሚለያይ መፍትሔውም ይለያያል። ውሉ ተቋርጦ ጨረታ እንደገና ሲወጣ ቀሪው ሥራ ከመጀመሪያው ጠቅላላ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፣ ሲሚንቶና ብረት ባሉበት አይቆሙምና። «ሁሉንም በሁለት ዓመት አጠናቅቃለሁ» የሚል ዕጩ ይህን ሒሳብ አልሠራም። «ሁለቱን እጨርሳለሁ፣ አንዱን አቆማለሁ፣ ምክንያቴም ይሄ ነው» የሚለውን በጥሞና አድምጡት።

ቀጥሎ ካፌ። ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው የምግብ ተመን የሚወሰነው ከላይ፣ በመንግሥት ነው፤ የጤፍና የዘይት ዋጋ ግን በገበያው። የሒሳቡን መጠን ለማየት ያህል፣ 10,000 ተማሪ ባለበት ግቢ የአንድ ተማሪ የቀን ወጪ ከተመኑ በ10 ብር ቢበልጥ በቀን 100,000 ብር፣ በ300 ቀን 30 ሚሊዮን ብር ጉድለት ይመጣል። ይህ ገንዘብ ከሌላ የበጀት ርዕስ ካልተዛወረ የሚሞላው በወጡ ቅጥነትና በአቅራቢ ዕዳ ነው። ዕዳው ሲከማች አቅራቢው ማቅረቡን ያቆማል፤ ያን ጊዜ ግቢው ይረበሻል። ዕጩው የውስጥ ገቢን መልሴ ካደረገ ከየትኛው ሥራ፣ ወጪው ተቀንሶ ስንት እንደሚቀር ይናገር። ወተቱና እንቁላሉ ተሽጦ መኖውን መሸፈን የማይችል እርባታ ገቢ አይባልም። ነን ካፌ የሆኑት፣ ማለትም በግቢው ካፌ ሳይመገቡ የምግብ ተመኑን በገንዘብ የሚወስዱት ተማሪዎች ጥሬ ገንዘባቸው በወሩ ስንተኛው ቀን እንደሚደርሳቸውም ጠይቁ፤ የፋይናንስ ክፍሉን ጤንነት ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር የለም።

የመውጫ ፈተናው ከተጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ውጤት በትምህርት ክፍል ከፋፍሎ ያቅርብ። የዩኒቨርሲቲው አማካይ ደካማውን ክፍል ይደብቃል። ማለፊያው 50 ነው። አንድ ክፍል ተደጋግሞ ሲወድቅ መምህሩ ለትምህርት ወጥቶ ክፍት የቀረ ኮርስ ይኖር ይሆን? ላብራቶሪው ኬሚካል አጥቶ በጥቁር ሰሌዳ ብቻ የተማሩ ይሆኑ? ወይስ ችግሩ ከቅበላው ነው?

በመጨረሻ ደብረ ብርሃን ላይ ላላችሁ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጥቅምትና የኅዳርን ውርጭ እናንተም ታውቁታላችሁ። ከቆላ አገር ለመጣ ተማሪ የመጀመሪያው ሴሚስተር በዚህ ይከብደዋል። ለሙቅ ውኃ፣ ለተሰበረ የዶርም መስኮትና ለብርድ ልብስ የተያዘ የጥገና ገንዘብ የሌለበት ዕቅድ ግቢውን ሳያዩ የተጻፈ ነው።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲዎች «ራስ ገዝ» ይሆናሉ ሲባል የገበሬ ልጅ ሊከፍል ነው ማለት ነው? አንዱ ዕጩ ይደግፋል፣ ሌላው ይቃወማል።
*አርሶ አደር፣ ከዓለም ከተማ*

መልስ፦ አባታችን፣ ሁለቱም ዕጩዎች ዝርዝሩን ካልነገሩዎት ድጋፋቸውም ተቃውሟቸውም አይጠቅምዎትም። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ነው፤ የመጀመሪያው ተቋም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ራስ ገዝ ሲሆን ዩኒቨርሲቲው ተማሪ የሚቀበልበትን፣ ሠራተኛ የሚቀጥርበትንና ገንዘብ የሚያንቀሳቅስበትን መንገድ ራሱ ይወስናል፤ ከተማሪም ክፍያ ይሰበስባል፤ መንግሥት ደግሞ ለሚደግፋቸው ተማሪዎች ይከፍላል። ጥቅም አለው። በጀቱ በየርዕሱ ታስሮ የሚመጣለት ተቋም አንድ የላብራቶሪ መሣሪያ ለማስጠገን ወራት ይፈጅበታል።

በሌሎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ያለው የወጪ መጋራት ነው። በደንቡ መሠረት ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይጋራል። ውል ይፈርማል፤ ከተመረቀ በኋላ ሥራ ሲይዝ ከገቢው እየተቀነሰ ይከፍላል። ስለዚህ አሁንም በነጻ አይደለም፤ ልዩነቱ ክፍያው ከምረቃ በኋላ መሆኑ ላይ ነው። ለእርስዎ ቤት ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ በሬ ሳይሸጥ ልጅ ግቢ ይገባል።

ዕጩዎቹን የሚጠይቋቸው እንዲህ ነው፦ የመንግሥት ድጋፍ የሚሰጠው በውጤት ነው ወይስ በድህነት? በድህነት ከሆነ ድህነቱን ማን ያረጋግጣል? የቀበሌ ደብዳቤ ብቻ ከሆነ ሹሙን የሚያውቅ ሁሉ ይዞት ይመጣል፤ ለእውነተኛው ችግረኛ የሚተርፈው ቦታ ያንሳል። ድጋፉስ ክፍያውን ብቻ ነው ወይስ ምግብና መኝታንም ይጨምራል? የኛ አቋም ግልጽ ነው፤ የድጋፉ ሕግ ተጽፎ ሳይታይ ክፍያው መቅደም የለበትም።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ምን እንደወሰነ ማወቅ ብፈልግ ይነግሩኛል? ወይስ የሚመለከተው ሠራተኛውን ብቻ ነው?
*ነጋዴ፣ ከእነዋሪ*

መልስ፦ ይመለከትዎታል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ለምን እንደፈለጉት እንዲያስረዱም አይገደዱም። ጥያቄዎን ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ በጽሑፍ ያስገቡ። «የቦርዱን ውሳኔዎች ሁሉ» ካሉ ጥያቄው ሰፊ ነው ተብሎ ይመለሳል፤ «ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በተደረጉ ስብሰባዎች ስለ ግንባታ ውሎች የተወሰነው» ብለው ያጥቡት። ቅጂው ላይ የመዝገብ ቁጥርና ቀን ሳያስመቱ አይውጡ። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ከከለከሉዎት ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መጀመሪያ ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ፣ እሱም ካልሆነ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይበሉ። ለምርጫ የሚመጣውን ዕጩም «የቦርድ ቃለ ጉባኤ ሳይጠየቅ እንዲለጠፍ የሚያስገድድ ድንጋጌ በአዋጁ ውስጥ እንዲገባ ሐሳብ ታቀርባለህ?» ይበሉት። ይህ አንድ ብር አይጠይቅም፤ ሐሳቡን ማቅረብም የምክር ቤት አባል ሥልጣን ነው።