መልስ፦ የቢቢሲ አማርኛ አርማ ያለው የቴሌግራም ቻናል እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ

የቢቢሲ አማርኛ አርማና ብዙ ተከታይ ያለው የቴሌግራም ቻናል ዜናና ፎቶ ለጥፎ አይተው፣ እውነተኛ መሆኑን እንዴት እንደሚያውቁ ጠይቀዋል። ቻናሉ አርማውን መያዙም ሆነ ብዙ ተከታይ ማፍራቱ ማንነቱን አያረጋግጥም፤ በቴሌግራም ላይ ማንኛውም ሰው ለቻናሉ የፈለገውን ስምና ምስል መስጠት ይችላል። ለሁለት ቻናሎች ሊሰጥ የማይችለው ከ«ኤት» (@) ምልክት ቀጥሎ የሚጻፈው መለያ ስም ነውና እሱን ፊደል በፊደል ያንብቡት።

አስመሳዮች ብዙ ጊዜ የሚቀይሩት አንዲት ፊደል ብቻ ነው፤ ለምሳሌ በትንሹ የላቲን «ኤል» ፋንታ ትልቁን «አይ» ቢያስገቡ፣ ሁለቱም ቀጥ ያለ መስመር ስለሚመስሉ ዓይን አይለያቸውም። ስለዚህ በቻናሉ ላይ የተለጠፈውን ሊንክ ትተው የቢቢሲን ድረ ገጽ ራስዎ ከፍተው ዜናው እዚያ መኖሩን ይመልከቱ። ትልቅ ዜና ተብሎ እዚያ ከሌለ እኔ አላምነውም።

ፎቶውን ግን ለብቻው ያጣሩ። በአንድ ክረምት ጎርፍ የትውልድ ሰፈራችንን እንዳጥለቀለቀ የሚናገር ፎቶ ለቤተሰቤ ልኬ፣ እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ለዘመድ ስትደውል አደረች፤ በማግስቱ ፎቶ ከየት እንደመጣ ለመፈለግ በሚያገለግለው በጉግል ሌንስ ስፈልገው ከዓመታት በፊት በሌላ አገር የተነሳ ሆኖ አገኘሁት። ያ ሌሊት እስካሁን ይቆጨኛል። ጽሑፉ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ፎቶው መጀመሪያ የወጣበትን ጊዜ ሳያዩ ለማንም አይላኩ።