የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ዩኒቨርሲቲው የሚያወጣው ሪሰርች ማን ጋ ደረሰ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፣ ልጄ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው። በየዓመቱ ራንኪንግ ወጣ ይባላል፣ ይሄን ያህል ፔፐር ታተመ ይባላል። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ለገበሬውና ለታማሚው የደረሰ ነገር ካለ እስቲ በስም እየጠራችሁ ንገሩኝ። (አንባቢያችሁ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጋሼ ሰላም ኖት? አዎ የደረሰ አለ፣ ግን ራንኪንጉ ውስጥ ፈልገው አያገኙትም፣ ምክንያቱም እዚያ በብዛት የሚቆጠረው አንድ ፔፐር በሌሎች ፔፐሮች ስንቴ ተጠቀሰ የሚለው ነው እንጂ ስንት ሰው ጫማ አደረገ ስንት ሰው ከሰንሰለት ተፈታ የሚለው አይደለም።

ከሰንሰለቱ ልጀምር፣ የአእምሮ ታማሚ የሚታሰርበትን ማለቴ ነው። ቡታጅራ ላይ የዩኒቨርሲቲው የህብረተሰብ ጤና ሰዎች ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለተኛ አጋማሽ አንድ ስራ ጀመሩ፣ በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ በምን ሞተ፣ ማን ለቆ ሄደ እያሉ መመዝገብ። ሲሰሙት ተራ ስራ ይመስላል፣ ግን ሰው ቤቱ ተወልዶ ቤቱ በሚሞትበት አገር ሆስፒታል ቁጭ ብሎ የሚሰበሰብ ዳታ ሆስፒታል የደረሰውን ሰው ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ያልደረሰውን ማን ይቆጥረዋል? ከዚያ የአእምሮ ህክምና ክፍሉ ሰዎች በዚሁ መሰረት ላይ ተነሱና ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ 68,378 ሰዎችን በየቤታቸው ሄደው ጠየቁ። ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር የሚባሉት ከባድ የአእምሮ ህመሞች ያለባቸውን ለይተው ለዓመታት ተከታተሏቸው። አብዛኞቹ የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎች ሀኪም አይተው አያውቁም ነበር።

በዚያን ጊዜ በዓለም የአእምሮ ህክምና መጻህፍት ውስጥ አንድ የሚወደድ ሀሳብ ነበር፣ በድሃ አገር ቤተሰብ ስለሚደግፍ ኑሮም ስለማይወሳሰብ የአእምሮ ታማሚ ከሀብታም አገሩ የተሻለ ይድናል የሚል። የቡታጅራው ዳታ ግን ይሄንን አልደገፈም። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው የ10 ዓመት ክትትል ውጤት ከባድ የአእምሮ ህመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ወደ 3 አስርት ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ አሳየ፣ ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የገደለው ደግሞ ተላላፊ በሽታ ነው። ልብ ይበሉ ጋሼ፣ እብድ ተብሎ የተተወ ሰው የሚሞተው ሌላው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ በሚድንበት በሽታ ነው ማለት ነው። እኔ ይሄን ያነበብኩ ቀን በጣም ነው ያዘንኩት፣ እስካሁንም ከውስጤ አልወጣም።

ስራው እዚያ ላይ ቢቆም እኔም እንደርስዎ ወረቀት ብቻ ነው እል ነበር። ግን አልቆመም፣ ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሀኪም) በሌለበት ጤና ጣቢያ ያሉት ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሰልጥነው ህክምናውን ቢሰጡ ምን ይሆናል ብለው ሞከሩት። ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ላንሴት ሳይካትሪ የሚባለው የህክምና ጆርናል ላይ ወጣ፣ ጤና ጣቢያ የታከመው ሰው በሳይካትሪ ነርስ ክሊኒክ ከታከመው ያነሰ ውጤት አላገኘም። ጎረቤት ሶዶ ወረዳ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለው ህክምና ጤና ጣቢያ ከገባ በኋላ ታስረው የሚኖሩ ታማሚዎች ቁጥርም ቀንሷል። ልጃቸውን በሰንሰለት የሚያስሩ ወላጆች ጨካኝ ስለሆኑ አይደለም የሚያስሩት፣ ሌላ የሚያደርጉት ስላጡ ነው፣ አማራጭ ሲመጣላቸው ሰንሰለቱን ይፈታሉ።

ጫማ ያልኩት ደግሞ ስለ ዝሆኔ እግር ነው። በትንኝ የሚተላለፍ ዝሆኔ አለ፣ በኛ ደጋና ወይናደጋ ግን በብዛት ያለው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ነው፣ እሱ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ነው፣ ይሄን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጥንተው ያስረዱት እንግሊዛዊው ሀኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ሰዉ ግን በአንድ ቤት ሲደጋገም ስለሚያይ የዘር እርግማን ነው እያለ ከዚያ ቤት ልጅ አይዳርም። በኋላ ፕሮፌሰር ጌይል ዴቪ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚያስተምሩበት ጊዜ ጥናቱ እንደገና ተነሳ። በ2012 እ.ኤ.አ. ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው ከወላይታ በተሰበሰበ ናሙና ለአፈሩ የመጋለጥ ባህርይው በዘር ጭምር እንደሚመጣ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የሚባለው የህክምና ጆርናል ላይ አሳተሙ። ስለዚህ ሰዉ በቤተሰብ ይሄዳል ያለው ነገር እውነት ነበረው፣ እርግማን ያለው ግን ስህተት ነው፣ በዘር ቢኖርበትም እንኳ ልጁ ከትንሽነቱ ጫማ ካደረገ በሽታው አይይዘውም። ለያዘውም ቢሆን መላ አለው። ምስራቅ ጎጃም ላይ በተደረገ ሙከራ (2018 እ.ኤ.አ.) እግርን በሳሙናና በጸረ ተህዋሲያን መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ማሰሪያ ጨርቅ፣ የእግር እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ብቻ በድንገት እየተነሳ አልጋ ላይ የሚጥለውን ትኩሳትና እብጠት ቀንሶታል። ደብረ ብርሃን አካባቢም እንዲህ ያለ እግር ይዞ ቤቱ የተደበቀ ሰው ካወቁ እባክዎ ይሄንን ይንገሩት።

ከሳይንሱ በኩል እንዶድን ያስታውሳሉ መቼም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣው ሞቶ አይተው ነው የቢልሃርዝያን አስተላላፊ የሚገድል ነገር ያገኙት። ለገሰ ወልደዮሐንስ ደግሞ ከብዙ የእንዶድ ዓይነት ውስጥ ጠንካራውን፣ ታይፕ 44 የሚባለውን መረጡ። በ1989 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። እንዶዱ ግን እንደታሰበው በየወንዙ አልደረሰም፣ የመርዛማነት ምርመራውና የገንዘቡ ነገር ዓመታት በላ፣ ይሄ እኔን ያናድደኛል ምክንያቱም ተክሉ ደጃችን ላይ ነው ያለው።

አራት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ እጽዋት ናሙና የሚቀመጥበት) የሰራውንም ብዙ ሰው አያውቀውም። በ1980 እ.ኤ.አ. በዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር አነሳሽነት ከኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረ ፕሮጀክት የኢትዮጵያንና የኤርትራን እጽዋት፣ 6,000 ገደማ ዝርያ፣ አንድ በአንድ ገልጾ በ2009 እ.ኤ.አ. በ8 ቮልዩም ጨረሰው። መሀል ላይ መንግስት ተቀየረ፣ አገር ሁለት ሆነ፣ ስራው ቀጠለ። ዛሬ አንድ ፋርማሲስት ስለ አንድ መድሀኒት ቅጠል ሲመራመር ትክክለኛውን ተክል መያዙን የሚያረጋግጠው በነዚህ መጻህፍት ነው።

ጥያቄ፦ እነዚህን ጥናቶች ማንበብ ስፈልግ 30 ምናምን ዶላር ክፈይ ይለኛል። ሌላ መንገድ የለም? (የጤና መኮንን፣ ከወልዲያ)

መልስ፦ አለ እህቴ። መጀመሪያ ርዕሱን ጎግል ስኮላር ላይ አስገቢና ከስሩ ሌሎች ቅጂዎች የሚለውን ክፈቺ፣ ብዙ ጊዜ ነጻ ፒዲኤፍ አለ። የህክምና ከሆነ ፐብሜድ ሴንትራል ላይ ብዙ ጊዜ ሙሉውን ታገኛለሽ። የሀገር ውስጦቹ፣ የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል በይው የጤና ልማት ጆርናሉ፣ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ አሉ። የማስተርስና የፒኤችዲ ጽሁፎች ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ድረገጹ ላይ ያስቀምጣል፣ አንዳንዴ ከፔፐሩ ይልቅ እነሱ ናቸው ዝርዝሩን የሚነግሩሽ፣ መጠይቁ ሁሉ በአማርኛ ከኋላ ተያይዞ ይገኛል። የምትሰሪበት መስሪያ ቤት ደግሞ ሂናሪ ላይ መመዝገቡን ጠይቂ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለታዳጊ አገር መስሪያ ቤቶች ጆርናሎችን ለማስነበብ ያቋቋመው ነው፣ ካልተመዘገበ ሀላፊሽን ወጥረሽ ያዢ።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ጽሁፌን በ5 ቀን እናትምልህ፣ 200 ዶላር ላክ የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ልላክ? (ከጎንደር)

መልስ፦ አትላክ! በ5 ቀን ውስጥ ስራህን በትክክል የሚገመግም ባለሙያ የለም፣ ብርህን ተቀብለው ሳያነቡ ነው የሚለጥፉት፣ አንዴ እዚያ ከወጣ ደግሞ ሌላ ጥሩ ጆርናል አይቀበልህም። መጀመሪያ የጆርናሉን ስም ዶአጅ የሚባለው የክፍት ጆርናሎች ማውጫ ላይ ፈልገው፣ ከዚያ ኤዲተሮቹ በእውነት ያሉ ሰዎች መሆናቸውን አጣራ፣ አማካሪህንም አማክር። ገንዘብ ካሳሰበህ ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ስራ ክፍያውን ይተዋሉ፣ አንዳንዶቹ ግን ራስህ ካልጠየቅክ አይነግሩህም፣ ጥያቄውንም ጽሁፉን በምትልክበት ሰዓት አስገባው፣ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብዙዎቹ እሺ አይሉም።