ጓንዡ ገብተን ምን እንብላ? ጥያቄና መልስ

ለዕቃ ጓንዡ መመላለስ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ስለ ምግቡ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። የጭነት ዋጋ የሚጠይቀኝን አልመልስም። አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ፦ ቻይና ውስጥ እንዲያው «ሮው»፣ ማለትም ሥጋ፣ ከተባለ የአሳማ ነው። የበሬ ከሆነ «ኒው ሮው»፣ የበግ ከሆነ «ያንግ ሮው» ይላሉ።

የመርካቶው፦ ጋሼ፣ የቻይና ምግብ እንዴት ነው?

የቱ? የካንቶን፣ ማለትም የጓንዡ የራሷ፣ አለ፣ የሲቹዋን አለ፣ የሁናን አለ። ጓንዡ ሁሉም ይገኛል። ለይተህ ጠይቀኝ።

ሚጥሚጣ፦ የከተማው ምግብ አልጫ ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ ካላቃጠለኝ የበላሁ አይመስለኝም።

እውነታቸውን ነው። ካንቶኖች የዶሮው የራሱ ጣዕም እንዲወጣ ነው የሚፈልጉት። ቅቅል ዶሯቸው አጥንቱ ጋ ቀላ ይላል፤ አልበሰለም ብለሽ እንዳትጨቃጨቂ፣ አውቀው ነው። የሚያቃጥል ከፈለግሽ የሁናን ቤት ግቢና ቀይ ቃሪያ ተከትፎ የፈሰሰበትን የዓሣ ጭንቅላት እዘዢ። ሲቹዋን ሌላ ነው፤ «ኋጂያው» የሚሉት ቅመም ምላስ ያደነዝዛል።

ፒያሳ፦ ሲቹዋን ወሬ ነው። የእኛን በርበሬ አያክልም።

ቼንግዱ የኖረ፦ ለእንግዳ የለዘበውን በልተህ ነው። እኔ ጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ የወጋኝ ነው የመሰለኝ።

ፒያሳ፦ ማደንዘዝና ማቃጠል አንድ ነው እንዴ?

እሱን በግል ጨርሱ።

ጾመኛዋ፦ የሚያዝያው የካንቶን የንግድ ትርኢት ብዙ ጊዜ ሁዳዴ ላይ ይውልብኛል። ምን ይሻለኛል?

የቡድሂስቶች የጾም ቤት ፈልጊ። «ቹን ሱ» የሚል ከሆነ እንቁላልና ወተትም የለበትም። ሥጋ የሚመስል ነገር ሲያመጡልሽ አትደንግጪ፣ አኩሪ አተር ነው። ተራ ምግብ ቤት ገብተሽ «አትክልት» ማለት ግን አያድንሽም። ጎመኑን በአሳማ ስብ ሊጠብሱት ይችላሉ። ማፖ ቶፉ የሚሉት የሲቹዋን የአኩሪ አተር አይብ ላይም የተፈጨ ሥጋ ይበተናል። የምን ሥጋ? ወይ የበሬ፣ ወይ ከላይ የተናገርኩት አሳማ።

ቁርጥ ወዳጅ፦ ጥሬ ሥጋ ይገኛል?

ይሄን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር! ቁርጥ የለም፤ የቻውሻን የበሬ ሆትፖት፣ ማለትም ጠረጴዛህ ላይ በሚፈላ መረቅ ውስጥ ራስህ እየነከርክ የምትበላው፣ ግን አለልህ። ቻውሻን ከጓንዡ በስተምሥራቅ፣ ሻንቶ ያለችበት የባሕር ዳርቻ ነው። የእነሱ ኩራት በዕለቱ የታረደ ሥጋ ነው፤ በረዶ ቤት ያደረ ይንቃሉ። ቆራጩ እኛ ሻኛ፣ ታናሽ፣ ጎድን እንደምንለው ብልት በብልት ይለየዋል። «ዲያው ሎንግ» ከጀርባ አጥንት ጎን ይወጣል፣ ለስላሳ ነው። «ውኋ ጂ» ከእግር ነው፤ መሃሉ ጅማት ስላለው ጥርስ ላይ ደስ ይላል። የደረቱ ጮማም አለ። በስሱ የተቆረጠውን በጭልፋ ይዘህ መረቁ ውስጥ ነከር ታደርገዋለህ። 8 ወይ 10 ሰከንድ፣ ከዚያ አውጣ! ስልክህን እያየህ ከረሳኸው ጫማ ትበላለህ። ጮማው ብቻ ቆየት ይበል። ማጥቀሻው «ሻቻ» ይባላል፤ ለውዝና የደረቀ ሽሪምፕ አለበት፣ የማይስማማው ይጠንቀቅ። እኔ አንዴ አዋዜ ይዤ ሄጄ አስተናጋጁን አቀመስኩት። ውሃ ፍለጋ ሮጠ።

የመርካቶው፦ ዋጋውስ?

በሳህን ነው የሚቆጠረው። ዐሥር ሳህን አታዝ።

ቸኳይ፦ ርካሽና አሳማ የሌለበት?

የላንዡ ኑድል። በእጅ እየተጎተተ ፊትህ ይሠራል፣ ከበሬ መረቅ ጋር ይቀርባል። ቀጭን ወይ ሰፊ ብለህ ትመርጣለህ። ባለቤቶቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ምልክቱ ላይ «ቺንግጀን» ይላል፣ ሐላል ማለት ነው።

የማርያም ልጅ፦ ታዲያ ክርስቲያን እዚያ ሥጋ ይበላል እንዴ?

አንዋር፦ ኑድሉ ሃይማኖት የለውም ወንድሜ፣ ብላ።

የማርያም ልጅ፦ በሥርዓታችን አይፈቀድም ነው የምልህ።

ቸኳይ፦ በሰው አገር ርቦህ እንኳ?

የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። እኔ የማውቀው ኑድል ነው።

አዲስ ገባሁ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ጠዋት ከሻይ ጋር የሚቀርበው ሻኦማይ፣ ያ በስስ ሊጥ የተጠቀለለው፣ የምን ሥጋ ነው? ዝርዝሩ ላይ «ሮው» ብቻ ነው የሚለው።

ኧረ በማርያም፣ ከላይ አንብብ! አሳማ ነው። የሽሪምፑ «ሃ ጋው» ውስጥም ስቡ ሊኖር ይችላል። የበሬ ሥጋ የተጠቀለለበት የሩዝ ሊጥ አለ፣ «ቾንግ ፈን» ይባላል፤ «ኒው ሮው» ብለህ እዘዝ።

አዲስ ገባሁ፦ አመሰግናለሁ ጋሼ። ጭነት በኪሎ ስንት ገባ?

ደህና እደሩ።