የጠላቂው እግር ለምን ይንቀጠቀጣል?

ጥያቄ፦ ግሪክ አገር፣ ካሊምኖስ ደሴት ላይ አንድ ድግስ ታድሜ ነበር። ጭፈራውን የሚመራው ጎልማሳ ከዘራ ተደግፎ እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የታመመ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ የቀሩት ግን ጭፈራቸውን አላቆሙም። ነገሩ ምን ይሆን?

መልስ፦ ያዩት «ሚኻኒኮስ» የሚባለው ጭፈራ ነው፤ በመሣሪያ የሚጠልቅ ሰው ማለት ነው። የደሴቲቱ ወንዶች ኑሯቸው ከባሕር ወለል ስፖንጅ (ለመታጠቢያ የሚውል ለስላሳ የባሕር ፍጥረት) መልቀም ነበር። ከፋሲካ በኋላ ወጥተው፣ እስከ ሰሜን አፍሪካ ጠረፍ ዘልቀው፣ ክረምታቸው ሳይገባ ይመለሱ ነበር። ጥንት በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚጠልቁት። ከ8 እስከ 14 ኪሎ የሚመዝን ጠፍጣፋ ድንጋይ እጃቸውን ዘርግተው ይይዛሉ፤ ክብደቱ ቁልቁል ይወስዳቸዋል፣ ዘንበል ሲያደርጉት ደግሞ አቅጣጫ ያስይዛቸዋል። ጀልባው ላይ የቀረው ባልደረባ ድንጋዩ የታሰረበትን ገመድ ይዞ ይጠብቅና ወደ ላይ ይጎትታቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የመዳብ ቁር ያለው የመጥለቂያ ልብስ መጣ። አየር ከላይ በፓምፕ ስለሚላክ ጠላቂው ታች ብዙ ይቆያል፤ መከራውም የመጣው ከዚሁ ነው። 40 ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕሩ ፊት 5 እጥፍ ነው። በዚያ ግፊት የተነፈሰው ናይትሮጅን ደሙና ሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ ከወጣ በሳንባው በኩል ይለቀዋል። ተቻኩሎ ከወጣ ግን ክዳኑ እንደተነሣለት የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ጋዙ አረፋ ይሆናል፤ አረፋው ኅብለ ሰረሰሩን ሲጎዳው እግሩ ሽባ ይሆናል። ብዙ ወጣት እንዲህ ቀርቷል። ባለ ድንጋዩን ጠላቂ ያተረፈው ታች የሚቆየው በአንድ ትንፋሽ ልክ ብቻ መሆኑ ነው።

ጭፈራው ያንን እግሩ የተጎዳውን ባለ መሣሪያ ጠላቂ ያሳያል። ከኋላው የተያያዙት በእኩል እርምጃ ይሄዳሉ፤ እሱ ቀጥ ለማለት ይታገላል። ለመማር ካሰቡ፣ ጀማሪ የሚሳሳተው መላ አካሉን በማንቀጥቀጥ ነው። ጉዳቱ ከወገብ በታች ስለሆነ መንቀጥቀጡ እግር ላይ ይቅር፤ ትከሻና ክንድ ጤነኛ ናቸው።

ጥያቄ፦ በግሪኮች ተረት መርከበኛን ስለ እስክንድር የምትጠይቀው የባሕር ሴትስ ማን ናት?

መልስ፦ ጎርጎና ናት፤ ከወገቧ በታች ዓሣ። የታላቁ እስክንድር እህት ስትሆን፣ ያገኘውን የሕይወት ውሃ ሳታውቅ ደፍታበታለች ይባላል። መርከቡን ይዛ «ንጉሥ እስክንድር በሕይወት አለ?» ትላለች። «ሞቷል» ያለ በማዕበል ይሰጥማል። መባል ያለበት «አለ፤ ነግሦም ይገዛል» ነው፤ ያኔ ባሕሩን ጸጥ ታደርግለታለች።